የብርድ ልብሱ ታርጋ

«ማነው ያጠፋው?» አለች ሴትዮዋ ከሶፋው ድንገት ብድግ ብላ።

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ታናሽ እህቷ ለሰው ሻይ የምትቀዳበትን ቴርሞስ እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ምኑን፣ እታለም?»

«ፕሪንተሩን ነዋ። ሲጮህ አልነበር? አሁን ፀጥ አለ።»

«እሱማ የዚያኑ ዕለት ነው የጠፋው። ጎረቤትሽ ናት ሶኬቱን የነቀለችው።»

«ማን ንቀዪ አላት? ገና ጨርቅ አፉ ውስጥ አለ እኮ። ይምጣና ራሱ ይንቀለው።»

ራሱ ያለችው ያን ቀን ጠዋት ያስቀበረችውን ባሏን ነው። ማንም አላረማትም። ጎረቤቷ ነርሷ ክንዷን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ሰውም ትንሽ ቆይቶ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ውሃ መጥፋት ማንሾካሾኩን ቀጠለ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፤ ሬሳው ሲወጣ ወሬው ይገባል።

«አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል የሚገቡት ሁሉ። አላለቀሰችም። ባል የሞተባት ሳይሆን አውቶብስ ውስጥ ኪሷን የተበረበረች ሴት ነበር የምትመስለው። ደጋግማ ጎኗን ትዳስሳለች፣ ወለሉን ታያለች፣ ከዚያ በሩን ታያለች።

በሩን የምታየው ግን በከንቱ አልነበረም። ልጅ አለቻት። አንዲት ሴት ልጅ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የምትኖር፣ ከዓመታት በፊት በገዛ አፏ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጪ» ብላ ያባረረቻት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ተረቱ። ሌላው ሰው ለጨዋታ ይጠቅሰዋል፤ እሷ ግን ኖረችበት። አሁን የአባትየው ለቅሶ ነው፤ ልጅቷ ትምጣ አትምጣ አይታወቅም፤ ጥሩልኝ እንዳትል ደግሞ ምላሷ እንቢ ብሏታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች፤ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን ትመልሰዋለች። እህቷ ይህን አይታለች፤ ነርሷም አይታለች። ደፍሮ የጠየቃት ግን የለም።

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ስሙን ያመጣላት ስፌቷ ነው፤ ያጸናላት ምላሷ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ በአራት ማዕዘን እየገጣጠመች ብርድ ልብስ ትሠራለች፤ ሥራዋን ድሪቶ ያለ ሰው ግን ወየውለት። አንዴ ባለሱቁ «ድሪቶዋ ስንት ናት?» ብሎ ጠይቆ፣ «ድሪቶ አንተ የለበስከው ሸሚዝ ነው፤ ይኼ ሥራ ነው» ተብሏል። በማግስቱ ሸሚዝ ቀይሮ መጣና አንድ አዘዘ።

ባሏን ደግሞ «ጋሽ ቀስበል» ይሉት ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በጡረታ የወጣ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ቀጭን ሰው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አይናገርም። እሷ አርባ ቃል ስትናገር እሱ አንድ ይመልሳል፤ እሱም «ይሁን» የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ታግሶ ኖረላት ይል ነበር። እሷ ራሷ እንኳን በልቧ ትለው ነበር።

የብርድ ልብሶቹ ታርጋ የእሱ ሥራ ነው። ታርጋ የምትለው እሷ ናት፤ ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ ከታች ጥጉ ላይ የሚሰፋውን፣ ማን እንደሠራው የሚናገረውን መዳፍ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ማለቷ ነው። ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈትቶ ከእግሯ ሥር ሲልከሰከስባት ነው የጀመረው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ አንድ ፊቱ ሰም የተቀባ የመጠቅለያ ወረቀት ላይ ዘርግቶ በካውያ ይተኩሰዋል፤ ሰሙ ይቀልጥና ጨርቁና ወረቀቱ አንድ ላይ ይጣበቃሉ። ከዚያ በወረቀቱ ልክ ይከረክመዋል፤ ከጠርዙ የተንጠለጠለች ክር እንዳትኖር መነጽሩን አድርጎ ያስሳል። አንዲት ክር ከቀረች ፕሪንተሩ ጨርቁን ይነክሰዋል። ታትሞ ሲወጣ ወረቀቱን ይልጣል፣ ቀለሙ እንዲጸና ደግሞ ይተኩሳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቀልቃል፣ ሲደርቅ እንደገና ይተኩሳል።

«ለአንዲት ብጣሽ ጨርቅ ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ» ትለዋለች።

«ይሁን» ይላል።

ታርጋውን የሚሰፋውም እሱ ነበር። ይህም ምክንያት አለው። ሴትዮዋ የጨረሰችውን ሥራ መልሳ አታይም። ካየች ስህተት ታገኛለች፤ ካገኘች ትፈታዋለች። አንዴ ለሙሽሮች የሠራችውን ስትፈታና ስትሰፋ፣ ስትፈታና ስትሰፋ፣ ሙሽሮቹ ያለ ብርድ ልብስ ተጋብተው ልጅ ወልደዋል። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዋን ስፌት እንደጨረሰች ባሏ ከእጇ ነጥቆ ወደ ጓሮው ክፍል ይዞት ይገባል፤ ታርጋውን ይሰፋበታል፤ አጣጥፎ ለባለቤቱ ያስረክባል። እሷ የሚጻፈውን ጠይቃ አታውቅም። ታርጋ ያው ታርጋ ነው።

የሞተ ዕለትም እንደዚያው ነበር። ጠዋት ብርድ ልብሱን ጨርሳ ሰጠችው፤ ይዞ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ፕሪንተሩ መጮህ ጀመረ፤ ጨርቅ ሲነክስ እንደሚጮኸው፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳበው እንጂ!» አለች ከሳሎን።

ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

«ደነቆርክ እንዴ? ጆሮዬን በጠሰው እኮ!»

እየተነጫነጨች ሌላ ሥራ ጀመረች። አንድ ረድፍ ገጣጥማ ነው የተነሳችው። ስትገባ ካውያው እንደጋለ ነው። እሱ ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተኝቷል፤ መነጽሩ አልተሰበረም። ሐኪሙ ልብ ነው፣ ወዲያው ነው፣ ሮጣችሁም ቢሆን አትደርሱም ነበር ብሎ ነገራት። እሷ ግን የሐኪሙን አልሰማችም። የምትሰማው ጢጥ ጢጡን ነበር፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ነው ያለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲልባት ነው ከሶፋው ብድግ ያለችው።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛ ገና አልገባም። ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ሳሎን ስላደሩ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሽና ብርድ ልብስ አውሶ ነበር። ብርድ ልብሶቹ ያው የእሷው የእጅ ሥራዎች ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ያልገዛት የለም። ዘመዶቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጥተው፣ ነርሷና እህትየው በሁለት ጫፍ ይዘው እያጣጠፉ ነበር። እሷ ሶፋው ላይ የቀዘቀዘ ቡናዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል ይሄ» አለች እህትየው አንዱን ጥግ ገልብጣ። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ የእህቷን ብርድ ልብስ በቅጡ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ጮክ ብላ አነበበች። «ይህን ብርድ ልብስ የሠሩት እናትና ልጅ ናቸው። ልጅ ቆረጠች፣ እናት ሰፋች። በደስታ ይልበሱት።»

ነርሷ ጨርቁን ከእጇ ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች። ዘገየች።

«ምን አልሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«እዚህ የተጻፈውን ነው።»

«ድገሚው።»

እህትየው የነርሷን ፊት አየችና አሁን ቀስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ደገመችው።

«የማን ሥራ ነው እሱ?»

«የአንቺ ነዋ፣ እታለም።»

«አይደለም። የእኔ ታርጋ እንዲህ አይልም።»

«ምን ነበር የሚለው?»

አፏን ከፈተች። ምን እንደሚል አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አንብባው አታውቅም።

ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ብርድ ልብሱን ተቀበለች። የጨረሰችውን ሥራ በእጇ ከያዘች ስንት ጊዜዋ ነው። ስፌቱ የራሷ ነው፤ ክሩን የምትቋጥርበት አኳኋን የራሷ ነው። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ትንሽ እንኳን አልደበዘዘም። ሌላ ብርድ ልብስ ሳበች። ጀርባውን ገለበጠች። እናትና ልጅ ይላል። ሦስተኛውን ሳበች። እሱም እናትና ልጅ ይላል። ያጣጠፉትን ሁሉ ዘረገፈችው።

«እትዬ፣ ይቆዩ እስቲ፣ መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይቅመሱ» አለች ነርሷ።

«አንቺ ታውቂ ነበር።»

በዚህ መሃል ባለሱቁ ስኳር ተሸክሞ ገባ። ሰው ሲያዝን ስኳር ማምጣት ልማዱ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ» አለ፤ ሳይቀመጥ እሷ ቀደመችው።

«ያንተ ድሪቶ ላይ ምን ይላል?»

ድሪቶ ብላ ራሷ ስትጠራው ሲሰማ ባለሱቁ ስኳሩን አቅፎ ቆመ።

«የቱ?»

«ጀርባው ላይ ያለው። ታርጋው። ምን ይላል?»

ነርሷን አየ፤ ነርሷ ወለሉን አየች። «እናትና ልጅ ነው የሚለው» አለ። «ጋሼ ናቸው ለእርስዎ እንዳላነሳ አደራ ያሉኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ ብርድ ልብሱ ሞቆኛል።» ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሱቁን ክፍት ጥሎ እንደመጣ ትዝ ብሎት ወጣ።

ሰፈሩ በሙሉ ስንት ክረምት ያንን ጽሑፍ ተከናንቦ ተኝቷል። ሲገናኝ ተነጋግሮበታል፣ ለእንግዳ አስነብቦታል፣ እሷ ስታልፍ ዝም ብሏል። እትዬ መርፌን ማን ይወጋታል? ያላወቀችው የሰፋችው ብቻ ናት። እህቷ ፊቷን አየችና ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

«ቆረጠች ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ሴትዮዋ። ጥያቄው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ቁርጡ ከፋብሪካ ነው። በማሽን ነው የሚቆረጠው። የሱ ጓደኛ አለ እዚያ።»

እንደዚያ ነበር የነገራት። ልጅቷ ከቤት ከወጣች በኋላ ብርድ ልብሶቹ ተበላሹባት። መቁረጥ የልጅቷ ሥራ ነበር፤ እናትየው ራሷ ስትቆርጥ አንዱ አራት ማዕዘን ከሌላው በክር ስፋት ይበልጣል፤ ያቺ የክር ስፋት ረድፉ መጨረሻ ላይ ጣት ታህላለች፤ ማዕዘኖቹ አይገናኙም። ስትፈታ፣ ስትሰፋ፣ ስትፈታ፣ መርፌውን ወርውራ «በቃ ተውኩት» ያለች ሰሞን ነው ባሏ አንድ ፌስታል ሙሉ የተቆረጠ ጨርቅ ይዞ የገባው። የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ልብስ ፋብሪካ ገብቷል፣ ማሽን አላቸው አላት። ጨርቁን ገጣጠመችው። ማዕዘን ከማዕዘን ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን ላፍታታ እያለ በሳምንት አንዴ ጨርቅ ይዞ ይወጣል፤ ቁርጥ ይዞ ይገባል። እሷም ለመጣው ሁሉ «ማሽን እንደ ሰው አይደለም፣ አይሳሳትም፣ አይመልስልሽም» እያለች ታሞግሰው ነበር።

«ማሽን የለም፣ እትዬ» አለች ነርሷ። «ልጅዎ ናት። ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ቆራጭ ሆና ነው የምትሠራው። የእርስዎን ከሥራ መልስ ቤቷ ትቆርጠዋለች።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጋሼ ጉልበታቸውን ያመማቸው ሰሞን ፌስታሉን የማደርሰው እኔ ነበርኩ።»

ሴትዮዋ ይህንን በልቧ አገላበጠችው። ከዚያ ያቺ በሩን እያየች የሰነበተችባት ጥያቄ ሳታስበው ወጣች።

«አባቷ መሞቱን ታውቃለች?»

«ቀብር ላይ ነበረች።»

«የት?»

«ከኋላ። እርስዎ ዞር አላሉም።»

ሴትዮዋ ተነሳች። እህቷ ልትደግፋት ስትል እጇን ገፍታ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። ያ ክፍል እሱን ካወጡት ወዲህ አልተከፈተም። ካውያው በቆመበት ቀዝቅዟል። ሰሙ ያለበት ወረቀት በጥቅሉ አለ። ያቺ የመጨረሻ ብርድ ልብስ ታጥፋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ጨርቁ ፕሪንተሩ አፍ ላይ ተነክሶ ቀርቷል፤ ግማሹ ወጥቷል፤ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ይህን ብርድ ልብስ የሠሩት እናትና» ይላል። የቀረው ውስጥ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች።

ይሁን እንኳን የሚላት የለም። ቁጣዋን የምትወረውርበት ሰው አጣች። ሠላሳ ዓመት ስትጣላው የኖረችው ሰው ትልቁን ጥል ጥሎላት ሄዷል። እንዲህ ያለ ተንኮል ከእሱ ትጠብቅ ነበር? በየሳምንቱ አይኗን እያየ ማሽን ነው ይላታል፤ በየሳምንቱ እዚሁ ክፍል ገብቶ እውነቱን በጥቁር ቀለም ያትማል፣ እንዳይለቅ ይተኩሳል፣ ያጥባል፣ ደግሞ ይተኩሳል። ለሷ ያልነገራትን ለአገር ምድሩ አልብሷል። የራሱን ስም ደግሞ የትም አላስገባም።

«ልደውልላት?» አለች ነርሷ ከበሩ ላይ ሆና።

ሴትዮዋ ጨርቁን እያየች ቆየች። ጥሪያት ማለት አንዲት ቃል ናት፤ ያቺን ቃል ለማውጣት ግን ያን የድሮውን መሐላ መዋጥ አለባት። ነርሷ ስልኳን ይዛ ጠበቀች።

«ደጁ ክፍት ነው በያት» አለች በመጨረሻ። ከዚያ በላይ አልሄደላትም።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ እንደገና ሞልቷል። በሩ ተከፈተና ልጅቷ ደፉ ላይ ቆመች። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች፤ ከስታለች፤ ቁመቷ ያባቷ ነው። እግሯን ወደ ውስጥ አላነሳችም። ለቀስተኛው ሁሉ ሻዩ ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ስኒው አቀረቀረ።

«እማ» አለች ልጅቷ ከደፉ ላይ ሆና።

እናትየው ስንት ዘመን ይህን ድምፅ በሌሊት አስባው ነበር። ምን እንደምትል፣ እንዴት እንደምትቆጣ፣ እንዴት እንደምታቅፋት ሁሉ አስባ ነበር። አሁን አንዱም ትዝ አላላትም።

«ቆመሽ ብርድ አታስገቢ» አለች። «ግቢ።»

ልጅቷ ገባች። እናትየው ከፊት ከፊት ወደ ጓሮው ክፍል መራቻት፤ በሩን ዘጋችው። ሁለቱም አልተቀመጡም፤ ወንበሩ አንድ ነው፣ ብርድ ልብሱ ይዞታል። ልጅቷ ፕሪንተሩ አፍ ላይ ያለውን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ነሽ የምትቆርጪው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ጥሩ ነው» አለች እናት። «ማሽን ነበር የመሰለኝ።» ከእሷ አፍ ይህን የመሰለ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም፤ ልጅቷም ታውቀዋለች፤ አንገቷን ደፋች። ግን ያረጀ ቂም ምስጋና ሲሰማ አይወድም። የእናትየውን አፍ ሳያስፈቅድ ወጣ። «ቢሆንም የእናቴን ቀሚስ ቆርጠሽዋል።»

ያ ነበር ጠባቸው። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ፤ ከእናቷ የቀረላት እሱ ብቻ ነው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ በወረቀት ጠቅልላ ያስቀመጠችው። አንድ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ ልጅቷ ለቁርጥ ከተከመረው ጨርቅ መሃል አውጥታ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋ ከርክማ፣ በሥርዓት ደርድራ ጠበቀቻት። ያን ቀን የተባለው አይደገምም። ልጅቷ «ክምሩ ውስጥ ነው ያገኘሁት» ብላ አለቀሰች። «ራሱ ሄዶ ገባ?» አለቻት እናቷ። አባትየው ካውያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደ ልማዱ አልተናገረም። ልጅቷ ልብሷን ይዛ ስትወጣ ሻንጣዋን እስከ መንገድ የተሸከመላት እሱ ነው።

ልጅቷ አሁን ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ተናገሪ እንጂ። እንዴት ብትደፍሪ ነው ከቁም ሳጥኔ የወሰድሽው?»

«እኔ አልወሰድኩትም፣ እማ። አባባ ነው ክምሩ ውስጥ ያስቀመጠው። ቁም ሳጥኑን ሲያጸዳ ያሮጌ መጋረጃ ጨርቅ መስሎት።»

«ማን አለ?»

«እሱ ራሱ። ያን ቀን ፊቱን አይቼ ነው ያወቅኩት። በኋላ ቤቴ እየመጣ ያለቅስ ነበር። እነግራታለሁ ይላል፣ ሰሞኑን እነግራታለሁ፣ ቀኑን ልምረጥ ይላል። ሁልጊዜ ሰሞኑን።»

እናትየው ጠረጴዛውን ያዘች። ያ ይሁን ባይ፣ ያ ሰው ሁሉ ታጋሽ ያለው። በየዓመቱ ልጅቷ የሄደችበት ቀን ሲደርስ እራቱን ሳይበላ የሚተኛው ለልጅቷ አዝኖ መስሏት ነበር። ጨርቅ ማመላለሱ፣ ያ ሁሉ ማተም፣ ያ ሁሉ መተኮስ፣ ለካ የፈራ ሰው ንስሐ ኖሯል። የፈራው ደግሞ እሷን ነው።

«አንቺስ?» አለች ድምጿ ተሰብሮ። «አንቺስ አፍ የለሽም? ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን መጥተሽ እሱ ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«እሱንም ታባርሪው ነበር» አለች ልጅቷ። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ያለውን ነው የተናገረችው። «እኔ ቤት ተከራይቼ መኖር እችላለሁ። እሱ ያላንቺ የት ይሄዳል?»

እናትየው አላባርረውም ነበር ልትል አሰበች። አፏን ከፈተች። ይህቺ ልጅ ፊት ለፊቷ ቆማ እያየቻት ነው፤ ውሸቱ አልወጣ አላት። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው፤ ከቀብር ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የከረመው። ብርድ ልብሱን ከወንበሩ አንስታ ሳታስበው መሬት ጣለችው፤ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። ልጅቷ እግሯ ሥር ተንበርክካ ጭኗን አቀፈቻት። ሳሎን ያሉት ድምፁን ሰምተው «እሰይ፣ ወጣላት» ተባባሉ። ምኑ እንደወጣላት ግን ከነርሷ በቀር የገመተ አልነበረም።

ሲወጡ ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ልትቀመጥ ፈለገች። እናትየው በዓይኗ ሶፋውን አሳየቻት፤ እህቷን በክርኗ ገፋ አድርጋ ቦታ አስለቀቀቻት። ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰው ወሬውን ቀስ በቀስ ጀመረ። አንዱ ስለ መንገዱ መቆፈር አወራ፤ ሌላው ስለ ቆፋሪዎቹ ስንፍና። እናትየው ጭኗ ላይ ያረፈውን የልጇን ቀኝ እጅ አነሳችና መዳፉን ገልብጣ አየችው፤ የተጠናቀቀ ሥራ እንደምትመረምር አድርጋ። አውራ ጣቷ ሥር፣ መቀሱ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ቆዳው ጠንክሮ እንደ ጠጠር አብጧል። በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው።

«መቀሱ ነው?»

«ነው።»

«ያማል?»

«ድሮ ነበር። አሁን ለምዷል።»

«መያዣው ላይ ጨርቅ ጠምጥሚበት። ሰው እጁን እንዲህ ይጥላል?»

«ይሁን» አለች ልጅቷ።

እናትየው ደንግጣ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ያችን ያበጠች አውራ ጣት በቀኝ እጇ መሃል ጨብጣ ያዘችው።

በሩ ተከፍቶ የባሏ የድሮ የሥራ ጓደኞች ገቡ፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የመጀመሪያው ፊቷ ቆሞ ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ለትልቅ ሰው ግራ እጅ መስጠት ነውር መሆኑን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በቁንጥጫ ያስተማረች ናት። ቀኝ እጇን ግን አላነሳችውም። ግራዋን ሰጠችው። ሰውየው ለአፍታ አመነታ፣ የተያዘውን እጅ አየ፤ ከዚያ ግራዋን በሁለት እጆቹ ተቀበለ።